በጨው ውኃ ውስጥ የሚሄደው

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን ሲዞር ጨው ገንዘብ ሆኖ አገኘው። ከሚቆረጥበት በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየተወደደ እንደሚሄድም ጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም ነበር። ከአፋር በረሃ፣ ከአሳሌ የጨው ሜዳ እየተፈነቀለ የሚጠረበው አሞሌ በግመል እስከ ደጋው ጥግ ይመጣል፤ ከዚያ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል፤ ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን ባለው በይፋግ ገበያም ይመነዘራል። ከይፋግ ወደ ደቡብ፣ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ ወደ ደራ፣ ዛሬ አንበሳሜ ወዳለችበት አገር የሚወርደውም ይኸው ጨው ነው።

የአሞሌ ጠላት ዝናብ ነው። ውኃ ሲነካው ይሟሟል፤ ሀብትም ከእጅ ይወጣል። ጠፋ እንዳይባል ግን ውኃው ጨው ጨው ይላል፤ ውኃው ሲደርቅም ጨዉ ተመልሶ ይገኛል። ታዲያ በመካከሉ የት ነበር? ምን ሆኖስ ነበር? ዛሬ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ መስመር ሸምድዶ የሚያልፈው «አዮን» የሚለው ቃል የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ ተሟልቶ እስኪገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የየጁው ራስ ጉግሣ በጌምድርን ይዘው ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን ግድም፣ ጣሊያን አገር፣ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አሌሳንድሮ ቮልታ የብርና የዚንክ ዝርግ ሳንቲሞችን አንዱን ባንዱ ላይ ይከምር ነበር። በየጥንዱ መካከል በጨው ውኃ የተነከረ ወፍራም ወረቀት ያስገባል። ክምሩን ከላይና ከታች በእርጥብ ጣት ሲነካው ያነዝረዋል። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪክ በሰበቃ ተፈጥሮ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነበር፤ ይህኛው ግን ሳያቋርጥ ይፈሳል። ቮልታ ግኝቱን ማርች 20 ቀን 1800 እ.ኤ.አ. ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት በደብዳቤ አሳወቀ። በወረቀቱ ያለው ውኃ ተራ ውኃ ሲሆን ኃይሉ ይደክማል፤ ጨው ሲገባበት ይበረታል። ምክንያቱን ቮልታም ሆነ ሌላው አላወቀም።

ወሬው ለንደን በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል ከክምሩ ሁለት ሽቦ ስበው ውኃ ውስጥ ነከሩ። በአንደኛው ሽቦ ላይ ሃይድሮጅን መንተክተክ ጀመረ፤ በሌላኛው ላይ ኦክስጅን ወጣ። ውኃ ተከፈለ! እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ሁለቱ ጋዞች የሚወጡት ከአንድ ውኃ ከሆነ ለምን አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ይወጣሉ? በመካከላቸው ባለው ውኃ ውስጥ ምንም ሲንቀሳቀስ አይታይም። አንዳች ነገር ሳይታይ ከሽቦ ወደ ሽቦ እየሄደ መሆን አለበት።

ሃምፍሪ ዴቪ ይህንኑ ዘዴ ወደ ጠጣር ነገር አዞረው። ኦክቶበር 6 ቀን 1807 ከእንጨት አመድ የሚወጣውን ፖታሽ ትንሽ አርጥቦ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሰደደበት። በአንዱ ጫፍ ብር የሚመስሉ ትናንሽ ጠብታዎች ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹም ወዲያው ፈንድተው በሐምራዊ ነበልባል ነደዱ። ፖታሲየም ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው የአጎቱ ልጅ እንደተናገረው ዴቪ በደስታ ክፍሉን እየዞረ ጨፈረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶዲየምን በዚሁ መንገድ አወጣ። በ1810ም ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስረዳ።

እንግዲህ የአሞሌው ጉዳይ እዚህ ላይ እንቆቅልሽ ሆነ። ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውሑድ ነው። ሶዲየም ውኃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት አስተኔ ነው፤ ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ወጥ የሚያጣፍጥ፣ ያለ እርሱም ሰውም ከብትም የማይኖርበት ነገር ይሆናሉ። ይህን ማንም በቅጡ ማስረዳት አልቻለም።

በዴቪ ቤተ ሙከራ በረዳትነት የተቀጠረው ማይክል ፋራዴይ ነው ነገሩን ወደፊት የገፋው። የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሆኖ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ሳይንስን ተማረ፤ በ1813 ዴቪ ዘንድ ገባ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ምን ያህል ነገር እንደሚለይ አንድ በአንድ ለካ። ሁለቱ ነገሮች ሳይዛነፉ አብረው የሚያድጉ ሆነው አገኛቸው፤ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን የሚለየውም እጥፍ ይሆናል።

የፋራዴይ ችግር የቃላት ነበር። በጊዜው ሽቦው ወደ ውኃው የሚገባበት ቦታ «ዋልታ» ይባላል፤ ዋልታ ደግሞ ማግኔት ብረት እንደሚስብ ይስባል ተብሎ ይታሰባል። ፋራዴይ በዚህ አላመነም። ያላመነበትን ሐሳብ የተሸከመ ቃል እየደጋገመ መጻፍም አልሆነለትም። አንድ ሐኪም ወዳጁ ኤሌክትሮድና ኤሌክትሮላይት የሚሉትን ቃላት አብሮት አበጀ፤ ለቀሩት ግን ወደ ካምብሪጅ፣ ወደ ዊልያም ሂውዌል ጻፈ። ሂውዌል ግሪክኛ አዋቂ ነው፤ የሳይንስ ሰዎች በእንግሊዝኛ ዛሬ የሚጠሩበትን መጠሪያ ያወጣውም እርሱ ነው።

በ1834 የጸደይ ወራት ደብዳቤ ተመላለሱ። ፋራዴይ ራሱ ያሰባቸው ቃላት ነበሩት፤ ሂውዌል ግን አኖድና ካቶድ ይሻላሉ አለው። ምክንያቱ የሚያስደንቅ ነው። የምድር ማግኔትነት የሚመጣው ኤሌክትሪክ ምድርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ ስለሚዞር ነው ብለን ብናስብ፣ የሙከራውም ጠርሙስ በዚሁ አቅጣጫ ቢቀመጥ፣ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ጫፍ ፀሐይ የምትወጣበት ይሆናል፤ አኖድ ማለት ወደ ላይ የመውጫ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ ለቆ የሚሄድበት ጫፍ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቅበት ይሆናል፤ ካቶድ ማለት የመውረጃ መንገድ ነው። በውኃው ውስጥ ወደ አኖድ የሚጓዘው አናዮን፣ ወደ ካቶድ የሚጓዘው ካታዮን ተባለ። ሁለቱንም በአንድነት የሚጠራቸው ቃል ደግሞ አዮን ሆነ፤ በግሪክኛ «የሚሄድ» ማለት ነው፤ ሂያጅ።

በዚያ ዘመን በደብረ ታቦር የሚገዛው ወጣቱ ራስ ዓሊ ነበር፤ አሞሌም ይፋግ ላይ እንደ ድሮው ይቆጠራል። ለንደን ላይ የወጣው ቃል የሚጠራው ግን ያንኑ አሞሌ ውስጥ ያለውን ነገር ነው።

ተማሪዎች አዮንን ሲማሩ አስቀድሞ የሚሰጣቸው ትርጉም «ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው ቅንጣት» የሚል ነው። ፋራዴይ ይህን አላለም። ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም፤ ስለ አተሞች መኖርም ፋራዴይ በጥንቃቄ ነበር የሚናገረው። እርሱ ያለው «ወደ ኤሌክትሮዱ የሚሄደው» ብቻ ነው። ያየውን ሰይሞ ያላየውን ለመጪው ትውልድ ተወው። ቃሉ ሁለት መቶ ዓመት ሊጠጋ የቻለውም በዚህ ይመስለኛል፤ ትርጉሙ በየዘመኑ ሲሰፋ ስሙ አልተቃረነም።

በ1850 አንድ ሌላ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ለፎገራ ገበሬ የሚጠቅም ነገር አገኘ። ጄ. ቶማስ ዌይ የእንግሊዝ ሮያል ግብርና ማኅበር ኬሚስት ነበር። የአሞኒየም ጨው ያለበትን ውኃ በአፈር ውስጥ አሳለፈ። ከሥር የወጣው ውኃ አሞኒየም አልነበረበትም፤ በምትኩ ካልሲየም ይዟል። አፈሩ አንዱን አዮን ያዘ፣ ሌላውን ለቀቀ። ይህን የሚያደርገውም ሸክላው መሆኑን ዌይ አሳየ። ትልቁ የጀርመን ኬሚስት ሊቢግ አልተቀበለውም፤ ዌይ ግን ልክ ነበር። ለፎገራ ያለውን ጥቅም ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

የአዮን ነገር እንደገና የተነሣው ስዊድን ውስጥ ነው። ስቫንተ አሬኒየስ በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ፤ ዕድሜው ገና 25 ነበር። ኤሌክትሪክ በጨው ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚመረምር ጽሑፍ ነው። መምህራኑ አልወደዱትም፤ የሰጡት ነጥብ ዝቅተኛ ስለነበር የማስተማር ተስፋውን ሊዘጋበት ተቃርቦ ነበር። አሬኒየስ ጽሑፉን በውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ላከ። ከሪጋ ዊልሄልም ኦስትዋልድ አንብቦ ተደነቀ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ኡፕሳላ ድረስ መጥቶ አሬኒየስን ሪጋ ሥራ እንዲይዝ ጋበዘው። ያን ጊዜ ነው የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ፊታቸውን የመለሱት።

አሬኒየስ በ1887 ሐሳቡን ሳይሸፋፍን አወጣው። ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪክ ቢኖርም ባይኖርም ራሱ ወደ አዮኖች ይለያያል፤ ኤሌክትሪኩ የሚያደርገው አስቀድሞ የተለያየውን መንዳት ብቻ ነው። ማስረጃ ነበረው። በውኃ ውስጥ ስኳር ሲሟሟ የውኃው የበረዶ ነጥብ ዝቅ ይላል፤ በቅንጣት ቁጥር እኩል የሆነ ጨው ሲሟሟ ግን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዝቅ ይላል። አንዱ ቅንጣት ሁለት ሆኗል ማለት ነው።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም፤ ሞኝነትም አልነበረም። ሶዲየም ውኃ ውስጥ የሚፈነዳ ከሆነ ነፃ ሶዲየም የያዘ የጨው ውኃ እንዴት በሰላም ይቀመጣል? ክሎሪኑስ ለምን አይሸትም? መልሱ ሶዲየምና የሶዲየም አዮን አንድ አይደሉም የሚል ነው። የልዩነቱ ምክንያት ግን ግልጽ የሆነው ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ካገኘ በኋላ ነው። የሶዲየም አተም 11 ፕሮቶንና 11 ኤሌክትሮን አለው። አንዱን ኤሌክትሮን ሲያጣ 11 ለ10 ይሆንና አንድ አዎንታዊ ሙል ይተርፈዋል። ክሎሪን 17 ለ17 ነበር፤ አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል 17 ለ18 ሆኖ አሉታዊ ይሆናል። ያቺ አንዲት ኤሌክትሮን ናት የሚፈነዳውን ያበረደችው፣ መርዙንም የሰበረችው። የዴቪ እንቆቅልሽ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ ተፈታ። አሬኒየስም በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፤ ያልሟሟው፣ ደረቁ ጨውስ? እ.ኤ.አ. በ1913፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት፣ ዊልያም ብራግና ልጁ ሎረንስ ኤክስሬይ ወደ ጨው ቅንጣት እየሰደዱ ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ አወቁ። ሶዲየምና ክሎሪን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙበት ቦታ አልተገኘም። እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎራይድ አዮኖች ተከቧል፤ እያንዳንዱ ክሎራይድም በስድስት ሶዲየም። አሞሌ ከዳር እስከ ዳር የአዮን ክምር ነው። ውኃው ሲገባ የሚሆነው ክምሩ መፍረሱ ብቻ ነው፤ አዮኖቹ ከበፊቱም ነበሩ። ይህን መቀበል የከበዳቸው ብዙ ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 እንኳ በ«ኔቸር» መጽሔት ላይ ተቆጥቶ ተቃውሞታል። በኢትዮጵያ ደግሞ በዚሁ ዘመን አሞሌ ገንዘብነቱን ለብሩ እየለቀቀ ወደ ወጥ ቤት ብቻ ይመለስ ነበር።

ጨው ከሶዲየምና ከክሎራይድ ሌላ አንድ እንግዳ አዮን መሸከም የጀመረበት ታሪክ ለእኛ አገር ከሁሉም ይቀርባል። ለናፖሊዮን ጦር የባሩድ ጨው የሚያዘጋጀው በርናር ኩርቷ በ1811 ከባሕር አረም አመድ ሐምራዊ እንፋሎት ሲወጣ አየ፤ አዮዲን ነበር። ጄኔቫ ላይ ሐኪሙ ኩዋንዴ በ1820 ለእንቅርት በሽተኞች ሰጠው። በ1895 ዩጂን ባውማን አዮዲን በአንገት ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ እንደሚገኝ አረጋገጠ። ዴቪድ ማሪን በ1917 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን ሰጥቶ እንቅርት እንደሚከላከል አሳየ፤ ስዊዘርላንድም በ1922 በጨው ውስጥ መጨመር ጀመረች።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል አባባል ያለው ሕዝብ እንቅርትን በሩቅ አያውቀውም። የእንቅርቱም ምክንያት የአዮኑ የራሱ ጠባይ ነው። አዮዳይድ፣ ማለትም የአዮዲን አዮን፣ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና አፈር አጥብቆ የማይዘው ስለሆነ የደጋ ዝናብ ለሺህ ዓመታት አጥቦ አውርዶታል። ከጉና ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ በየክረምቱ አፈሩን ሲያወርዱ አዮዳይዱንም ያወርዳሉ። አፈሩ ካጣ እህሉ ያጣል፤ እህሉ ካጣ የእርጉዝ እናት ደም ያጣል። የሚጎዳውም አንገት ብቻ ሳይሆን በማኅፀን ያለው ሕፃን አእምሮ ነው። ይህ ነው ነገሩን ከውበት ጉዳይነት የሚያወጣው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከትምህርት ቤት ልጆች ከመቶ 30 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። በኋላ በአሰብ የሚመረተው ጨው አዮዲን እየተጨመረበት ወደ አገሪቱ መግባት ጀመረ፤ ተስፋም ታየ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ገበያውን የያዘው አዮዲን ያልገባበት፣ በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተው ጨው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከአምስት ቤት በአንዱ ብቻ ነበር፤ በዚያው ግድም የተደረገ ሌላ ጥናትም ከአሥር ልጆች አራት ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ጦርነት በጥይት ካልነካው ሰው ቤት እንኳ በጨው ዕቃ በኩል ገባ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው፤ አንድ ፖታሲየም ካታዮን፣ አንድ አዮዴት አናዮን። አዮዳይድ ያልተመረጠው እርጥብ ጨው ውስጥ በአየር ተለውጦ አዮዲኑ ስለሚተን ነው፤ አዮዴት ይህን ይቋቋማል። ጨዉን ለመፈተን የጤና ባለሙያዎች የሚይዙት ትንሽ ጠርሙስ አለ። ከውስጡ አንድ ጠብታ ጨው ላይ ሲጣል አዮዴቱ ወደ አዮዲን ይመለሳል፤ አዮዲኑም በጠብታው ውስጥ ካለው ስታርች ጋር ሲገናኝ ነጩ ጨው ወደ ሐምራዊ ሰማያዊ ይዞራል። አዮዲን ከሌለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተሹት ቤቶች በ89 በመቶ ያህሉ ጨዉ ቀለሙን ለወጠ። መጠኑ በቂ የሆነው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፤ አፍዴራ ላይ ጨዉ በደንብ ስላልተደባለቀ አንዱ ጆንያ ሞልቶ ሌላው ይጎድለው ነበር።

የፎገራ ሜዳ ደግሞ ከሩዝ ጋር በመጣ ሌላ የአዮን ጉዳይ ተይዟል። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ለሩዝ ተመቸ። ሰብሉ ወደ ሊቦ ከምከምም ተስፋፋ፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ። የፎገራዋ ከተማ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች።

በሐምሌና በነሐሴ ከዚያ ማሳ አንድ የሩዝ እግር ነቅሎ ሥሩን በውኃ አለቅልቆ የሚያይ ሰው ሥሩ ዝገት የመሰለ ቡናማ ልባስ ለብሶ ያገኘዋል። ዝገትም ነው። ውኃ የተኛበት ጭቃ አየር ስለሚያጣ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን የአፈሩን ብረት ይጠቀሙበታል፤ ሦስት ሙል የነበረው የብረት አዮን አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ባለ ሁለት ሙል ይሆናል፤ ይሟሟል፤ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሩዝ ግን በባዶ ቱቦ ግንዱ በኩል አየር ወደ ሥሩ ይልካል። የሟሟው ብረት ወደ ሥሩ ሲጠጋ ኦክስጅኑን አግኝቶ ተመልሶ ዝገት ይሆናል፤ እዚያው ሥሩ ላይም ይለጠፋል።

ገበሬው ለሩዙ የሚሰጠው ማዳበሪያ፣ ዩሪያም፣ እንዲሁ መንገዱን በአዮን ነው የሚሄደው። አፈር ውስጥ ሲገባ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ አሞኒየም አዎንታዊ ነው፤ የዋልካው ሸክላ አሉታዊ ስለሆነ ቶማስ ዌይ በ1850 እንዳየው ይዞ ያስቀረዋል፤ ሩዝም ከዚያ ይወስደዋል። በውኃው ላይ ተበትኖ የቀረው ግን አየር ባለው ስስ የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬት አሉታዊ ነው፤ ሸክላው አይዘውም። ከውኃው ጋር ወደ ታችኛው ጭቃ ይሰርጋል፤ እዚያም አየር ያጡት ሕያዋን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይሰዱታል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ በዚህ ይባክናል። ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመርጨት ለሁለት ለሦስት ጊዜ ከፍሎ፣ በሚቻልበትም ጊዜ ከጭቃው ጋር ቀላቅሎ መስጠት የሚመከረው ስለዚህ ነው፤ አሞኒየሙ ሸክላው ሳይዘው ናይትሬት ሆኖ እንዳይሄድ።